«የት ነው ያረፍከው?»

ከጃማይካ ከተመለስኩ ሳምንቴ ነው። የጫማዬ አሸዋ ገና ተራግፎ አላለቀም። ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ሞንቴጎ ቤይ ባሕር ይጠይቀኛል። ባሕሩ ያምራል፣ ምን ይባላል። ሆዴን ያሳረረው ሌላ ነገር ነው።

እዚያ ታክሲ አስቁመህ «ስንት ነው?» ብትል ዋጋ አይነገርህም። «የት ነው ያረፍከው?» ትባላለህ። እንዴ! የምሄድበትን ነግሬሃለሁ። መሀል ከተማ፣ ሳም ሻርፕ አደባባይ። የማድርበት አልጋ ከመንገዱ ርዝመት ጋር ምን አገናኘው? የሆቴሉን ስም ስነግረው ሰውየው ጫማዬን አየ፣ የባለቤቴን ባርኔጣ አየ፣ በሆዱ ደመረ። «ሃያ ዶላር።» የአሜሪካን ማለቱ ነው። በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ባለቤቴ «ኧረ ክፈልና እንሂድ፣ ፀሐይ ፈጀን!» አለች። እሷ ድሮም ከባለታክሲ ወገን ናት። ከፈልኩ።

አደባባዩ ላይ ሳም ሻርፕ በነሐስ ቆሞ ይሰብካል። እ.ኤ.አ. በ1831 የገና ሰሞን በባርነት የተያዙት ወገኖቹ ያለ ደመወዝ አንሠራም ብለው እንዲነሱ ያስተባበረ ሰባኪ ነው። በ1832 እዚያው ከተማ ውስጥ ሰቀሉት። ዛሬ ፊቱ ገንዘባቸው ላይ አለ። ሐውልቱ ፊት ቆሜ የሃያ ዶላሬን ነገር ሳብሰለስል ትንሽ አፈርኩ። ትንሽ ብቻ።

በማግስቱ የሆቴሉ የጽዳት ሠራተኛ፣ እናቴን የምታህል ሴት፣ ጉዳችንን ሰምታ ሳቀች። «ቀይ ታርጋ ያለውን ያዙ፤ ደግሞ ሰው የተሳፈረበትን። ባዶውን እንዳትገቡበት፣ ቻርተር ነው ይላችኋል» አለችን። ቻርተር ማለት የእኛው ኮንትራት ነው። ሰው እየሞላ የሚሄደው ደግሞ ሩት ታክሲ ይባላል፤ መስመሩም ታሪፉም የታወቀ ነው። ራሷ መንገድ ዳር ወጥታ አስቆመችልን። በሰው ሁለት ዶላር እንኳ አልሞላም።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ! ከተረቶቻችን አንዱን ብቻ ይዘህ ተሰደድ ብባል የምይዘው ይሄንን ነው።

ጋቢና ልግባ ብዬ የቀኙን በር ከፈትኩ። ሹፌሩ ቁጭ ብሏል። መሪው በቀኝ፣ መንገዱ በግራ መሆኑን ረስቼዋለሁ። «ልትነዳልን ነው?» አለኝ። አፍሬ እስክዞር ድረስ ጋቢናውን ባለቤቴ ወሰደችው። ኋላ ሦስት ሰው አለ፤ አራተኛ ሆኜ ተጠቀጠቅሁ። «ስሞል አፕ!» አለ ሹፌሩ። የእኛ አገር ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ እዚያ ጭራሽ ራስህን አሳንስ ነው የምትባለው። አነስኩ። መውረድ የፈለገ ደግሞ «ዋን ስቶፕ፣ ድራይቨር!» ይላል። የእኔ ተራ ሲደርስ አምልጦኝ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ ምንም ሳይገርመው ቆመ።

ኔግሪል ወደምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማም እንዲሁ በሰው ሄድን። መሀል ላይ ታክሲ የምትቀይርባት ከተማ አለች፤ አጻጻፏ ሌላ ቢሆንም ሲጠሯት ሉሲ ነው የሚሏት። መናኸሪያው «ሉሲ! ሉሲ! ሉሲ!» በሚል ጩኸት ይናወጣል። እኛ ድንቅነሽን ሙዚየም ውስጥ አስተኝተናታል፤ እነሱ ታክሲ ይጠሩባታል።

ለኔግሪል መጀመሪያ የጠየቅነው ባለቻርተር መስታወቱ ላይ የጃንሆይን ፎቶ ሰቅሏል። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። ባረከኝ። ቀጥሎ «ሰማንያ ዶላር» አለኝ። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ስለከበበው ወዲያው መውረድ አልቻሉም ነበር። ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስታዎች መሪ ነው ሕዝቡን አረጋግቶ መንገድ ያስከፈተላቸው። ከዚያ ወደ ሞንቴጎ ቤይ የመጡት በባቡር ነው። በባቡር! «የት ነው የሚያርፉት?» ያላቸው ሹፌር የለም። የመንገደኛው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1992 ቆመ፤ ይኸው እኔ በስማቸው ተባርኬ ሰማንያ ዶላር እጠየቃለሁ።

ደግሞስ ጃማይካዊውን ብቻ ምን አስወቀሰው? ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ ያደግኩ ሰው ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ቦሌ ስወርድ አንዱ ባለታክሲ «ጋሼ፣ ከአሜሪካ ነው የመጡት?» አለኝ። «አዎ» አልኩ፣ እንደ ጅል። ዋጋው በሦስት ተባዛ። ሰርዶውም የእኔ፣ አገሩም የእኔ፤ በሬው ብቻ ዲያስፖራ ሆኖ ተገኘ! እናቴን ልቀብር ነበር የመጣሁት። ጥቁር ለብሻለሁ። ጥቁሩን አየ፤ «እግዜር ያጥናዎት» አለ። ከዋጋው ግን አምስት ብር አልቀነሰም። ይሄኛው እስከ ዛሬ አላሳቀኝም።

ወይ ጉድ፣ ስለ ጃማይካ ነበር የማወራው።

የመጨረሻው ቀን። አየር ማረፊያው ከሆቴላችን አምስት ደቂቃ ነው፤ አውሮፕላኖቹ አናታችን ላይ ነው የሚያርፉት። ሻንጣ ይዘን በሰው መሄድ አይመችም፤ ስለዚህ ኮንትራት። ግን ተዘጋጅቻለሁ። የቆምኩት ሆቴሉ በር ላይ ነው፤ እንግዲህ የት እንዳረፍኩ ይጠይቀኝ እንደሆነ አያለሁ! ደረቴን ነፍቼ «ስንት ነው?» አልኩ።

ሹፌሩ ሻንጣዬን ከላይ እስከ ታች አየው።

«በየትኛው አውሮፕላን ነው የምትሄደው?»

«በባቡር» አልኩት።