ይድረስ ለክቡር የሪች ፓሴጅ ማዕበል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ሥራ ከማርፈዴ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

ከብሬመርተን ወደ ሲያትል በጀልባ ከሚመላለሱት አንዱ ነኝ። እርስዎ ደግሞ ጀልባችን ሪች ፓሴጅ በተባለው የባሕር መተላለፊያ ስታልፍ ከኋላዋ ጥላው የምትሄደው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ማዕበል ነዎት። ይህን ሁሉ ዘመን ሳንተዋወቅ መኖራችን ነውር ነው።

መኪና የሚጭነው ትልቁ ጀልባ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን ቺኑክ የምትባል ካታማራን መጣች። 350 ሰው ጭና በግማሽ ሰዓት ገደማ ሲያትል ዱብ! በዓመቱ እህቷ ስኖሆሚሽ ተከተለች። ጎን ለጎን የተገጠሙ ሁለት ቀጫጭን አካላት ስላሏቸው ውኃውን እንደ ምላጭ ይሰነጥቃሉ፣ ማዕበልም ብዙ አያስነሱም ተባለ። እርስዎም ሰምተው ዝም አሉ።

መቼም ትሕትናዎ ልዩ ነው። ከጠባቡ ሪች ፓሴጅ መሀል ላየዎት ዝቅ ያሉ፣ ረዘም ያሉ፣ ጨዋ ነዎት። ጉድዎ የሚወጣው ዳር ሲደርሱ ነው። ውኃው ሲሳሳ ደብቀውት የመጡት ጉልበት ብድግ ይላል። ጠጠሩን ጠርገው ይወስዳሉ፣ የሰውን የግንብ መከላከያ ሥር ሥሩን ይቦረቡራሉ። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው ይመለሳሉ።

በ1999 የዳርቻው ባለቤቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። ተከሳሹ እርስዎ ነዎት? ኧረ በፍጹም! ጀልባዎቹን የሚያስተዳድረው የዋሽንግተን ግዛት ነው። ከ30 ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ) በላይ ትከንፍ የነበረች ጀልባ እርስዎ ሰፈር ስትደርስ በ12 ኖት እንድታዘግም ታዘዘች። በ2000 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ መራጮች ጀልባዎቹ የሚደጎሙበትን ዓመታዊ የመኪና ግብር አስቀንሰው ስለነበር የጀልባዎቹ ኪስም ሳስቶ ነበር። በ2003 ሰው ብቻ የሚጭነው መስመር ተዘጋ። እህትማማቾቹም በኋላ ለሳን ፍራንሲስኮ ተሸጡ። ስማቸው ሳይቀር ተቀየረ።

እርስዎ ግን አሸነፉ። መሐንዲሶች ጠባይዎን ሲያጠኑ ዓመታት ፈጁ። አማት እንኳ እንዲህ አትጠና! በመጨረሻ ከሥሯ ክንፍ መሳይ ነገር የተገጠመላት፣ ከውኃው ከፍ እያለች የምትሄድ ጀልባ ሠሩ። እንዳይከፋዎት ስሟንም በሰፈርዎ ሰየሙት፦ ሪች ፓሴጅ 1። በ2016 ሕዝቡ የሽያጭ ታክስ ሊጨምርላት ተስማማ፣ በሐምሌ 2017 ሥራ ጀመረች። እኛም ከ14 ዓመት በኋላ ወደዚያችው ግማሽ ሰዓት ተመለስን።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ። እርስዎን ላለማስቀየም ቀለል ተደርጋ ስለተሠራች የምትጭነው 118 ሰው ነው። ይህን የምጽፍልዎ ከወደቡ ቆሜ ነው። እሷ ሄዳለች። እርስዎም ከኋላዋ፣ እውነትም፣ የሉም ማለት ይቻላል።

አክባሪዎ፣
119ኛው ተሳፋሪ