ማስተካከያ፦ ስለ ቆሮሶና ስለ ብርድ

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ አካባቢ በኩሬ ዓሣ ለምታረቡ ስጽፍ «ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ከወረደ ቆሮሶ ያልቃል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጽሑፉንም አርሜዋለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ስለ ናይል ቲላፒያ፣ ማለትም ስለ ቆሮሶ፣ ባወጣው መረጃ መሠረት ዓሣውን የሚገድለው ከ11 እስከ 12 ዲግሪ የሚደርስ ቅዝቃዜ ነው። የእርባታ መመሪያዎች እንደሚሉት በ20 ግድም የሚቆመው መራባቱ ነው፤ ከ17 በታች ደግሞ መብላት ይተዋል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ መጣ ብላችሁ ያልደረሰ ዓሣ ለማውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። እንዲያውም ውሃው ቀዝቅዞ ሳለ በመረብ ማንገላታት ገላው ላይ ያለውን ዝልግልግ ሽፋን ልጦ ለሻጋታ በሽታ ያጋልጠዋል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ምግቡ ላይ ነው። ጠዋት የበተናችሁት ውሃው ላይ ተንሳፎ ከቀረ አትጨምሩ፤ ፀሐዩ ሞቅ ሲል ትንሽ ሞክሩ። የተረፈው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ያኔ ዓሣው የሚሞተው በብርድ ሳይሆን ታፍኖ ነው። ቴርሞሜትሩንም ጎህ ሲቀድ አስገቡት፤ በቀትር የለካችሁት ያታልላል።