«ታዲያ ምን ትምህርት አገኘህበት?»

መጽሐፍ ጨርሰህ ገና ሳትከድነው «ታዲያ ምን ትምህርት አገኘህበት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን እኔም ላይ ደርሷል። ጠያቂው ማኪያቶውን እያማሰለ፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አፍጥጦ ጠበቀኝ።

የጨረስኩት እኮ የጆ አበርክሮምቢን «ፈርስት ሎው» ነው! እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 በሦስት ቅጽ የወጣ፣ ጭቃና ደም የበዛበት ፋንታሲ፣ ማለትም ምናባዊ ዓለም ላይ የተጻፈ ልብ ወለድ። ማን ነው እዚያ ውስጥ የሚያስተምረኝ? ተዋጊው ሎገን «ጥሩ ሰው እሆናለሁ» ይላል፤ ደሙ ሲፈላ ግን ወዳጅ ከጠላት አይለይም። ግሎክታ ደግሞ መርማሪ ነው። በጠላት እስር ቤት ተሰቃይቶ የወጣ፣ የተረፉት ጥርሶቹ ስለማይገጥሙ ገንፎ የሚውጥ ሰው። አሁን በተራው ሌላውን ያሰቃያል። አምርሮ የሚጠላው ነገር ምን መሰላችሁ? ደረጃ! እዚህ ጋ አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም እየኖረ፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር ጄሪካን ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ግሎክታ በደንብ ይገባዋል።

ይህን የትምህርት አባዜ የተከሉብን አስተማሪዎቻችን ናቸው። ምንባብ ባለቀ ቁጥር «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» እኛም በአንድ ድምፅ፣ «መስረቅ መጥፎ መሆኑን!» «ቀበሮዋ ርቧት ነው» ያለ ልጅ ተንበረከከ። ልጁ እኮ ልክ ነበር።

ግድ ካላችሁኝ አንዲት ተረት አለችኝ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። እወዳታለሁ። መሥሪያ ቤት አዲስ ኃላፊ መጥቶ ኬክ ሲቆረስ በሆዴ እላታለሁ። ሦስተኛው ቅጽ ላይም አዲስ ንጉሥ ይነግሣል። ማን እንደሆነ አልናገርም። አድራጊ ፈጣሪው ግን ያው ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ያለው ሽማግሌ አስማተኛ ነው።

ሁለተኛውን ቅጽ ግን ባታነሱብኝ ይሻላል። «ዓርብ እመልሳለሁ» ብሎ የወሰደው ሰው የትኛው ዓርብ እንደሆነ አልነገረኝም። እኔ በስልክ ላይ፣ ዓይኔን እያሸሁ ጨረስኩት። ቆይቶ ቡና ጠርቶኝ ቤቱ ስሄድ፣ መጽሐፌ እግሩ ያጠረ ረከቦት ሥር ተሸጉጧል። ጠርዙ ላይ አተላ ደርቋል። አቦል ተቀዳ፣ ቶና ተቀዳ፤ ጎንበስ ብሎ ያየው የለም። «ምነው ዝም አልክ? ተጫወት እንጂ!» አለኝ ጭራሽ። ቢያነበው እኮ ባልተናደድኩ! ጀግኖቹ እስከ ዓለም ዳርቻ ድረስ ተርበው፣ ተደብድበው፣ ያገኙት ተራ ድንጋይ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ደግሞ ይኸው ሰው ነው፣ ሰው በተሰበሰበበት «ትውልዱ ማንበብ ተወ» እያለ የሚያለቃቅሰው።

እና… ስለ ትምህርት ነበር የጀመርኩት። ትምህርት የፈለገ የመጀመሪያውን ቅጽ ይግዛ። ይግዛ ነው ያልኩት።