ህጉን አሁን ነው እንዴ የምትነግረው?

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት ካርታ እየተጫወትን (ለሻይ ነው፣ ብር የለበትም) አንድ ከኮምቦልቻ የመጣ ልጅ ተቀላቀለን። ዝምተኛ ነው ግን ጨዋታ ይችላል። ሶስተኛው ዙር ላይ ሊያሸንፍ ሲል ተራው ሳይደርስ ካርታ ጣለ፣ ወዲያው አንዱ የኛ ሰው ጠረጴዛውን ደብድቦ "ከተራህ ውጪ ነው የጣልከው፣ ህግ ነው፣ ወጥተሃል!" አለው። ልጁ ካርታውን በጀርባው ገልብጦ አስቀመጠና "እሺ ወንድሜ" ብቻ አለ። እኔን ያናደደኝ ምን መሰላችሁ፣ ይሄው ሰውዬ ራሱ ከግማሽ ሰአት በፊት ሁለቴ ከተራው ውጪ ጥሎ "አብሽር፣ አንሳው" ተብሎ አንስቷል። አንሳው ካሉት አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ህግ ይከበር በሚለው እስማማለሁ፣ በጣም። የካዚኖ ፖከር (በውርርድ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ) ማየት ስለምወድ እዛ ህጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ለምሳሌ ውርርድ ከተከፈተ በኋላ ተራህ ደርሶ "ሬይዝ" (ውርርዱን ጨምሬያለሁ) ሳትል ዝም ብለህ አንድ ትልቅ ቺፕ (በብር ፋንታ የሚወራረዱበት ክብ ነገር) ብትወረውር እንደ ኮል፣ ማለትም የፊተኛውን ውርርድ ያህል ብቻ እንዳስያዝክ ነው የሚቆጠርብህ፣ በልብህ ልትጨምር አስበህም ቢሆን። ጨካኝ ይመስላል ግን ምክንያት አለው፣ አለበለዚያ ሰው ቺፑን ወርውሮ የሌላውን ፊት አይቶ "ጨምሬ ነበር" ወይም "አልጨመርኩም" እያለ ይጫወትብሃል። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ክርክር ሲነሳ ግን ድምፁ የጎላው ተጫዋች አይፈርድም፣ ፍሎር የሚባለው ኃላፊ ይጠራል፣ እሱ ደግሞ በእጁ ካርታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሰረተው የፖከር ውድድር የሚመሩ ሰዎች ማህበር፣ ቲዲኤ፣ የመጀመሪያ ህጉ ራሱ ዳኛው ለጨዋታው ጥቅምና ለፍትሃዊነት ቅድሚያ ይስጥ ነው የሚለው፣ ያልተለመደ ነገር ሲገጥም ከደረቁ ህግ በላይ ፍትህ እንዲቀድም ይፈቅዳል።

እኛ ጋ ፍሎር የለም፣ ያለው ይሉኝታ ነው፣ እሱም ለደንበኛው እንጂ ለእንግዳው አይሰራም።

"ህግ ህግ ነው" የምትሉኝ ወንድሞቼ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ለሁሉም ከሆነ ነው። ሰው ሊያሸንፍ ሲል ከኪስ የሚወጣ ህግ ዘረፋ ነው። ስህተት ያየ ሰው መናገሩ ደግሞ ነገረኝነት አይደለም፣ ካዚኖ ውስጥም ካርታ የያዘውን መምከር ነው ክልክሉ እንጂ ስህተት ያየ እንዲናገር ነው የሚጠበቀው። እያወቀ ካርታውን ለጓደኛው የሚያሳይ ግን እሱ ሌላ ነው፣ ለሱ ምህረት የለኝም፣ የቆየ ደንበኛ ከሆነማ ጭራሽ።

ልጁ የሁላችንንም ሻይ ከፍሎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሀረጎን ቁልቁለት ሳይመሽ ልውረድ ብሎ ወደ መናኸሪያ ሄደ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም፣ እስካሁን ይከነክነኛል። ዛሬ ማታ ካርታው ሳይበወዝ በፊት ይሄን ነገር አነሳዋለሁ፣ ሰውዬው ራሱ ባለበት።