«ኦንላይን ነበርሽ እኮ» የሚለው ክስ

«ኦንላይን ነበርሽ እኮ፤ ለምን አልመለስሽልኝም?»

ደሴ ውስጥ ይህ ጥያቄ ያልደረሰው ሰው ካለ ስልኩ ቁልፍ ያለው ኖኪያ መሆን አለበት። ፍቅረኛ ይጠይቃል። አለቃ ይጠይቃል። የዕቁብ ዳኛ ይጠይቃል። አሁን አሁንማ ዱቤ የሰጠ ባለሱቅም «ማታ አምስት ሰዓት ቴሌግራም ላይ አይቼሃለሁ፤ የኔን ብር ግን ረሳኸው» ማለት ጀምሯል። ጠያቂው ማስረጃ ይዟል። ማስረጃው ከስም ሥር የምትጻፈው፣ መጨረሻ የታየበትን የምትናገረው ሰዓት ናት፤ «ላስት ሲን» ይሏታል። ተጠያቂው ደግሞ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ማስተባበል ይጀምራል። «ከፍቼው እንቅልፍ ወስዶኝ ነው»፣ «ልጁ ይዞት ነው»፣ «ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው»።

ለምን ያስተባብላል? ስልኩን መክፈቱ የራሱ ጉዳይ ነው። መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ ማየት ያለበት፣ እሱ ራሱ «አንተ እይ» ያለው ሰው ብቻ ነው። አሁን ያለው አሠራር ግን የተገለበጠ ነው። ቴሌግራምን አዲስ ስትከፍቱ ሰዓታችሁ ለሁሉም ይታያል። ካልፈለጋችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ ቦታውን ፈልጋችሁ የምትዘጉት እናንተ ናችሁ። ስንቱ ነው እዚያ ድረስ የሚሄድ?

መጀመሪያ ግን ይቺ ማስረጃ የተባለችው ነገር ምን እንደሆነች እንይ። አፑ ሲከፈት መልእክት ከሚያስተላልፈው ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጋር መስመር ይዘረጋና «አለሁ» ይላል። ከዚያ በየጥቂቱ ትንሽ ምልክት ይልካል። ባለሙያዎቹ የልብ ምት ይሏታል። በደንብ ሲዘጋ «ወጥቻለሁ» ብሎ ይሰናበታል። ጣጣው የሚመጣው ሳይሰናበት ሲጠፋ ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ወይም ባትሪ ሲሞት ስልኩ ለመሰናበት ጊዜ የለውም። ሰርቨሩ የሚያውቀው ምልክቱ መቅረቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ይጠብቃል፤ ካልመጣለት «ወጥቷል» ብሎ ይመዘግባል። ምን ያህል ይጠብቅ? ካጠረ፣ ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት ሰው በደቂቃ ውስጥ አሥሬ ገብቶ የወጣ ይመስላል። ከረዘመ ደግሞ የሌለ ሰው አለ ተብሎ ይታያል። ይህን ሙሉ በሙሉ የሚፈታ አፕ የለም። ሁሉም ግምት ነው።

እንግዲህ ይህን ግምት ይዛችሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን ከ2500 ሜትር አካባቢ ወደ 1850 ሜትር አካባቢ ያሽቆለቁላል። ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ላይ ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ ኔትወርክ አንዱ ኩርባ ላይ ጥሏችሁ ሌላው ላይ ሊቀበላችሁ ይችላል። እናንተ ጭንቅላታችሁን መስኮቱ ላይ ደግፋችሁ ተኝታችኋል። ከፍታችሁ የተዋችሁት ስልክ ግን ኪሳችሁ ውስጥ «አለሁ፣ የለሁም» ሲል ነው የሚደርሰው። እንግዲህ በዚህ ነው ትዳር የሚታመሰው።

«ይሁን፤ አንዲት ሰዓት ብትታይ ምን ታመጣለች?» የሚሉኝ አሉ። አንዲት ሰዓት ብቻዋን ምንም አታመጣም። ስትጠራቀም ነው ምላስ የምታወጣው። በፈረንጆቹ 2014 በጀርመን የኤርላንገን ኑረንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1000 ሰዎችን የዋትስአፕ ኦንላይን ሁኔታ ለወራት በኮምፒውተር መዝግበው ነበር። የማንንም መልእክት አላነበቡም። የማንንም ስልክ አልጠለፉም። የስልክ ቁጥር ብቻ በቃቸው። ሰውየው ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ሥራ ላይ ሳለ ስንቴ እንደሚገባ ከዚያ ማየት ይቻላል። ሁለት ሰዎች አብረው ሲገቡ አብረው ሲወጡ ከታዩ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ መገመትም አይከብድም። ዛሬ ይህንኑ ሥራ «ቤተሰብዎን ይጠብቁ» በሚል ማስታወቂያ የሚሸጡ አፖች አሉ። ቁጥር ታስገባለህ፤ እሱ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ይቆጥርልሃል።

በኛ አገር ደግሞ ከዚህም በላይ ትናገራለች። ረመዳን ላይ ለሱሑር የሚነሳና የማይነሳ ይለያል። ለፈጅር የሚነቃው ይታወቃል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማን የሌሊት ፈረቃ እንደገባ፣ ስለዚህ የማን ቤት ሌሊት ባዶ እንደሆነ ይታወቃል። ይህን ሁሉ ለማንም ተናግረን አናውቅም። ስልካችን ነው የሚናገርልን።

የሚገርመው ይህ ነገር ድሮ በፈቃድ ነበር። ጃበር የሚባል የመልእክት መላላኪያ ሥርዓት በፈረንጆቹ 1999 ይፋ ሆነ። በኋላም ኤክስኤምፒፒ በሚል ስም በ2004 ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት። በዚያ ሥርዓት የአንድን ሰው መኖር አለመኖር ለማየት መጀመሪያ ትጠይቃለህ። እሱ እሺ ካለ ታያለህ፤ ካላለ አታይም። ዋትስአፕ በ2009 ሲነሳ ሐሳቡ ከስም አጠገብ ሰውየው ምን ላይ እንዳለ ማሳየት ነበር፤ «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» ዓይነት። መላላኩ የመጣው ቀጥሎ ነው። ሰርቨሩንም የሠሩት በዚሁ በኤክስኤምፒፒ ላይ ተመሥርተው ነበር። ጥያቄና ፈቃዱን ግን ጣሉት። በቦታው የስልክ ቁጥር ገባ። ቁጥርህ ያለው ሁሉ ያይሃል ተባለ። ለማስተካከልም ጊዜ ፈጀባቸው። ላስት ሲንን መደበቅ ቀደም ብሎ ቢቻልም፣ «አሁን ኦንላይን ነው» የሚለውን መደበቅ የፈቀዱት በ2022 ነው። ቴክኖሎጂው ስለከበዳቸው አይመስለኝም። ሰው ሌላው ሲገባ ካየ እሱም ይገባል። ጉዳዩ ገበያ ነው።

እስካሁን ያልኩትን ብቻ ይዤ «ሁላችሁም ዝጉት» ብል ደስ ባለኝ። ወሎ ውስጥ ሆኖ ይህን ማለት ግን ይከብዳል።

በእኛ 2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲገቡ ስልክ ተቋረጠ። ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ እንደዚያው ቆዩ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ወንድም፣ ጂዳ ያለች እህት ምን ያደርጉ እንደነበር የማያውቅ የደሴ ሰው የለም። የእናታቸውን ስም ከፍተው ከሥሩ ያለውን ቀን ያያሉ። ቀኑ አይንቀሳቀስም። ይዘጉታል፤ ደግመው ይከፍቱታል። ቦርከና ሠፈር ያለ አንድ ሰው ታየ ከተባለ የሰፈሩ ግሩፕ በሙሉ ይተራመሳል፤ «እከሌ ኦንላይን ገባ! ጠይቁት!»። መልእክት ሳይመጣ፣ ሰዓቷ ስለተቀየረች ብቻ እልል ያሉ ሰዎች አሉ። ያን ወር ላስት ሲን የቁጥጥር መሣሪያ አልነበረችም። ሰው በሕይወት መኖሩን የምትናገር ብቸኛ ነገር ነበረች።

ወደ ዓረብ አገር የሄዱት ልጆች ነገርም ያው ነው። ወሎ ልጅ ያልላከ ቤት መቁጠር ይቀላል። ስልኳን አሠሪዋ የያዘባት ልጅ «ስልኬን ወሰዱብኝ» ብላ መጻፍ አትችልም። እናትየው የምታውቀው ኢሞ ላይ ስሟ ዝም ሲል ነው። ፊደል የማታነብ እናት እንኳ ኦንላይን መሆንን የምታሳየውን አረንጓዴ ነጥብ ታነባለች። «ዛሬ ልጄ በርታለች» ትላለች። አብሽሪ የሚላት ሰው አያስፈልጋትም።

ነገር ግን እዚህም ላይ ግምት ግምት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ቴሌግራም ላስት ሲኑን የደበቀ ሰው ከወር በላይ ካልገባ «ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ያወጣል። ብሎክ ለተደረገ ሰውም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እስቲ አስቡት፤ ዳታ ያጣችውና ብሎክ ያደረገችው ልጅ አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ። በዚያ ሰሞን ስንቱ ዋይፋይ ያለበት ካፌ የማትደርስ ልጅ «ጨከነችብኝ» ብሎ ተኮራርፎ ይሆን?

ስለዚህ ጥያቄው መታየት ወይስ መደበቅ አይደለም። ማን ይየኝ ነው። ብጠፋ የሚፈልገኝ ሰው ይየኝ። ሊቆጣጠረኝ የሚፈልግ አይየኝ። ቴሌግራም ላይ ይህን ማድረግ ይቻላል። የግል ደኅንነት ከሚለው ክፍል ገብታችሁ ላስት ሲንን «ማንም አይይ» ላይ አድርጉት። ከሥሩ «ሁልጊዜ ለእነዚህ አሳይ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ እናታችሁን፣ እህታችሁን፣ እታለም የምትሏትን ጓደኛ ጨምሩ። ሌላው ሰው «በቅርቡ ታይቷል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያያል። ያ ጽሑፍ ከአንድ ሰከንድ እስከ ሁለት ሦስት ቀን ያለውን ሁሉ ስለሚሸፍን ማንንም አያስከስስም። በምላሹ፣ በነፃው ቴሌግራም እናንተም የነሱን አታዩም። ፍትሐዊ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ልብስ በቴሌግራም የሚሸጥ ነጋዴ ከሆናችሁ ደግሞ ክፍት ተዉት፤ ደንበኛ ሱቁ ክፍት መሆኑን ማወቅ አለበት።

ቤት ውስጥ ያለው በሽምግልናም ይፈታል። የምር የሚያናድደኝ የአለቆች ነገር ነው። የሥራ ግሩፕ ይከፈታል። እሑድ ማታ ትእዛዝ ይለጠፋል። ሰኞ ጠዋት «ኦንላይን ሆነህ ዝም አልክ» ተብሎ ሰው ይገሠጻል። ቅዳሜ ቀን ከአቦል እስከ በረካ ስልኩን ያልነካም «ጠፋህ» ይባላል። ገባህም አልገባህም ጥፋተኛ ነህ! የመግቢያ ፊርማ አለ፣ የሥራ ሰዓት አለ፤ የቴሌግራም ሰዓት ግን የሠራተኛው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት ጭምር ጠብቋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የሰው መረጃ ለአንድ ዓላማ ተሰብስቦ ለሌላ እንዳይውል የሚል መርህ አለው። ላስት ሲን ለሠራተኛ ምዘና አልተፈጠረችም። የላስት ሲን ፎቶ አንስቶ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ ኃላፊ ካለ፣ አዋጁን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ቢያነበው ጥሩ ነው።

የመጨረሻው ነገሬ አፕ ለሚሠሩት ልጆች ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ለመመረቂያ የቻት አፕ የሚሠራ ተማሪ አይጠፋም። ኦንላይን ማሳየት ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች አንዱ ነው፤ ቀላልና ደስ የሚል ስለሆነ። ስትሠሩት ሦስት ነገር አድርጉ። አዲስ ተጠቃሚ ሲመዘገብ ዝግ ይሁን፤ የሚከፍተው ራሱ ይሁን። የመጨረሻዋን ሰዓት ብቻ ያዙ እንጂ የገባ የወጣበትን ታሪክ በሙሉ ዳታቤዝ ውስጥ አታከማቹ። የምታሳዩትንም ሰዓት በደቂቃ አትቁረጡት፤ «ዛሬ»፣ «በዚህ ሳምንት» ይበቃል። ለእናትየው ይበቃታል። ለሚቆጣጠረው አይበቃውም።