የካናቢስ መጠጥ የአልኮል ምትክ እንዲሆን መጠኑ በሕግ ይወሰን

በአሜሪካና በካናዳ አዲስ ዓይነት የጣሳ መጠጥ ገበያ ውስጥ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆነው። አልኮል የለበትም። በምትኩ ቲኤችሲ የተባለው አእምሮን የሚለውጥ የካናቢስ ንጥረ ነገር በጥቂት ሚሊግራም ተቀላቅሎበታል። አምራቾቹ አልኮልን ለመተው ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ አማራጭ ነው ይላሉ፤ ሳይሰክሩ መዝናናት፣ በማግስቱም ያለ ራስ ምታት መነሣት ይቻላል እያሉ ያስተዋውቁታል።

ይህን ሐሳብ «ያው ዕፅ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ትክክል አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2019 ብቻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ከአልኮል ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። የአልኮል መጠጥ ካንሰር አምጪ መሆኑ በዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም ከተመዘገበበት ከ1988 ጀምሮ ብዙ ዘመን አልፏል። ካናቢስ ደግሞ የራሱ ጉዳት ቢኖረውም፣ አብዝቶ የጠጣን ሰው ትንፋሽ አቁሞ በመግደል ረገድ ከአልኮል ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ በየምሽቱ ጠርሙስ የሚጨርስን ሰው ከጠርሙሱ የሚያላቅቅ ነገር ካለ፣ በቁም ነገር ሊመረመር ይገባዋል።

ምርመራው መጀመር ያለበት ግን ሰው መጠጥን ከሚጠጣበት ልማድ ነው። ጠጪ ሰው አልኮሉ ሲሠራበት በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቀዋል፤ ቀጥሎ ይጠጣ ወይም ያቁም የሚለውን የሚወስነውም በዚህ ስሜት ነው። ቲኤችሲ እንዲህ አይደለም። ተፈጥሮው ከዘይት ጋር ስለሆነ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ፋብሪካዎች ዘይቱን ዓይን በማያየው መጠን አድቅቀው ነው ከመጠጡ ጋር የሚያዋሕዱት። በዚህ ዘዴ የተሠራ መጠጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ መሥራት ይጀምራል። ካናቢስ ያለበት ብስኩት ወይም ከረሜላ መሥራት እስኪጀምር 2 ሰዓት ያህል ሊወስድ ስለሚችል፣ መሻሻሉ አይካድም። ሆኖም ፍጥነቱ ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ ከሰው ሰው፣ በባዶ ሆድ ከመጠጣትና በልቶ ከመጠጣት ይለያያል። የተዋጠው ቲኤችሲ በጉበት በኩል ሲያልፍም ወደ ሌላ ብርቱ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ በጭስ ከሚወሰደው ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚቆየው በዚህም ምክንያት ነው።

እንግዲህ የቢራ ልማድ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ጣሳ በ10 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ምንም ስላልተሰማው ሁለተኛውን ይከፍታል። የመጀመሪያው ሲሠራ ሁለተኛው ሆዱ ውስጥ ነው። ልቡ በኃይል ይመታል፣ ጭንቀት ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ያስመልሰዋል፤ ሞት የመጣበት መስሎት ወደ ድንገተኛ ሕክምና የሚሄድም አለ። አልኮልንና ይህን መጠጥ በአንድ ማዕድ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አልኮል በደም ውስጥ ያለውን ቲኤችሲ ከፍ ያደርገዋልና። እንዲህ የሚጠጣ ሰው አልኮልን አልተካም፤ ጨመረበት እንጂ።

መጠኑን የሚወስነው ማን ነው? ካናዳ ካናቢስን በጥቅምት 2018 ፈቅዳ፣ መጠጡን ከአንድ ዓመት በኋላ ስታስከትል፣ አንድ ዕቃ ከ10 ሚሊግራም በላይ ቲኤችሲ እንዳይዝ ደነገገች፤ ማሸጊያውም ሕፃን በቀላሉ የማይከፍተው እንዲሆን አስገደደች። አሜሪካ ውስጥ ግን በሩ የተከፈተው ሳይታሰብ ነው። በ2018 የወጣው የእርሻ ሕግ ሄምፕ የተባለውን የካናቢስ ዝርያ ለገበሬዎች ሲፈቅድ፣ ቲኤችሲው ከደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ብቻ አዘዘ። ይህ ስሌት ለተክል እንጂ ለመጠጥ አልታሰበም። 355 ግራም በሚመዝን የአንድ ጣሳ ፈሳሽ ላይ ብናውለው ከ1,000 ሚሊግራም በላይ ይፈቅዳል፤ ለማንም ሰው የማይታሰብ መጠን ነው። የሚኒሶታ ግዛት በ2022 ለአንድ ጊዜ የሚወሰደውን በ5 ሚሊግራም ገደበች። እንዲህ ያለ ገደብ ያላወጡ ግዛቶችም ነበሩ።

ከዚያም በኅዳር 2025 ኮንግረሱ በበጀት ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገብቶ፣ አንድ የሄምፕ ምርት ማሸጊያ ከ0.4 ሚሊግራም በላይ ቲኤችሲ እንዳይኖረው፣ ይህም ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጸና ወሰነ። ይህ በተግባር እገዳ ነው። ልቅ ከሆነ ገበያ ወደ ሙሉ እገዳ መዝለል ያናድደኛል። በመካከል ያለውን፣ ማለትም ትንሽ መጠን፣ ግልጽ ጽሑፍና የዕድሜ ገደብ የሚለውን መንገድ በአገር ደረጃ በወጉ ሳይሞክሩት አለፉት።

የእገዳው ደጋፊዎች የሚያነሡት አንድ ሥጋት ግን እውነት ነው። በአሜሪካ ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ካናቢስ ያለበት ምግብ በልተው ለመርዝ መረጃ ማዕከላት የተደወለው ጥሪ በ2017 ከነበረበት 207 በ2021 ወደ 3,054 ደርሷል። የሎሚ ጭማቂ መስሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ ጣሳ ይህን ቁጥር እንዳያሳድግ የሚከለክለው ሕግ ነው፤ የአምራች በጎ ፈቃድ አይበቃም። በዚህ ንግድ ላይ ገንዘብ ካፈሰሱት መካከል ትልልቅ የአልኮል ኩባንያዎች አሉ፤ ኮንስቴሌሽን ብራንድስ በ2018 ካኖፒ ግሮውዝ በተባለው የካናዳ ካናቢስ አምራች ላይ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር አውሏል። ከአልኮል ገቢ ትልቁን ድርሻ የሚሰጡት አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። ከዚህ ገበያ የመጣ ኩባንያ ደንበኛው በአንድ ጣሳ እንዲረካ በራሱ ተነሣሥቶ ይደክማል ብዬ አላምንም።

ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ ወጣቶችና በቤተሰባቸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከዚህ መጠጥ ሊርቁ ይገባል። አሽከርካሪም እንዲሁ፤ አልኮል በትንፋሽ እንደሚለካው ቲኤችሲን መንገድ ዳር በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካ መሣሪያ የለም።

ለቀሩት አዋቂዎች ግን አንድ ጣሳ 5 ሚሊግራም ብቻ ይያዝ እላለሁ። የአሜሪካው ብሔራዊ የአደንዛዥ ዕፅ ተቋም በ2021 ለምርምር መለኪያነት የመረጠው ይኸንኑ መጠን ነው። በጣሳው ላይ ከምርቱ ስም በሚበልጥ ፊደል፣ ሌላ ከመክፈት በፊት ምን ያህል መጠበቅ እንደሚገባ ይጻፍ። ይህ ለለመደ ሰው አነስተኛ ነው የሚሉ አምራቾች አሉ። የለመደ ሰው ግን ቀድሞውንም የካናቢስ ተጠቃሚ ነው፤ መጠጡ ተሠራለት የተባለው አልኮልን ለመተው ለሚጥረው ነው።