ነጭ ሽንኩርት አጎበር አይሆንም

ወንድሜ፣ «ሐዋሳ ስትሄዱ ነጭ ሽንኩርት ያዙ፤ እሱን የበላ ወባ አይነካውም» ላልከው እርማት አለኝ። ሽታው ጓደኛ ያርቅ ይሆናል እንጂ ወባ አይከላከልም። ለዓሣ ዱለቱ ተወው። ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ አኖፌለስ ትንኝ ናት፤ በብዛት የምትናከሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በአገራችን ወባ ይበልጥ የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት።

ስለዚህ ሻንጣህ ውስጥ አጎበር ክተት። ሲታጠፍ ከፎጣ ብዙም አይበልጥም። ማንጠልጠያ ገመድም ያዝ፤ እኔ ረስቼ የጫማዬን ክር ፈትቼ ከመስኮቱ ብረት ጋር አስሬያለሁ። ጫፉን ፍራሹ ስር ወትፈው። ማታ ሐይቁ ዳር ለመቀመጥ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝና የትንኝ መከላከያ ቅባት ጨምር። ትኩሳት ከያዘህ ግን ሽንኩርት መላጡን ትተህ ቶሎ ተመርመር።